በሳሙና ያጠብኩት የወተት ዕቃ

ልጅ እያለሁ ሥራዬ ሻይ መቅመስ ነበር። አትሳቂ ሐያት፣ እንደምልሽ ጻፊው። እማ አዋሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ የሻይ ዳስ ስትከፍት እኔ ስምንት ቢሆነኝ ነው፤ ዓመቱን ማን ቆጥሮት። ዳስ ስልሽ ደግሞ አራት እንጨት ቆሞ፣ ላዩ ላይ የጥጥ ጆንያ ተወጥሮ፣ በፀሐዩ በኩል አሮጌ ቆርቆሮ የተደገፈበት ነው። ሦስት ዱካ፣ አንድ አግዳሚ፣ ስድስት ብርጭቆ፣ አንድ ሆዱ የጠቆረ በራድ። በቃ። አባቴ ሐዲድ ከሚጠግኑት ጋር ይሠራ ነበርና ሐዲዱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ወር ቆይቶ ይመጣል። ከወሎ ይዟት ሲመጣ ቤት እሠራልሻለሁ ብሏት ነበር አሉ፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ ቤት የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም። ጆንያውን ራሷ ሰፍታ፣ እንጨቱን ራሷ ተክላ፣ ቢስሚላህ ብላ ከሰል አያያዘች።

ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የጣቢያው ዘይትና የጋለ ብረት፣ ተሳፋሪ የጣለው የብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያ ሁሉ መሐል የእማ ቅርንፉድና ቀረፋ ቀጥ ብሎ ይመጣል። የአዋሽን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። በዚህ ሙቀት ትኩስ ሻይ ማን ይጠጣል ያሉ ነበሩ። ይጠጣል! ጥጥ ለቀማ ወደ መልካ ወረር የሚወርዱት የደጋ ልጆች ከፉርጎው ሲወርዱ ሙቀቱ ያዞራቸውና መጥተው አግዳሚያችን ላይ ይዘረጋሉ። እማ ሻይ ትሰጣቸውና «ቀስ እያልክ፣ እየነፋህ፤ ላቡ ሲወጣልህ ይቀልልሃል» ትላለች። እውነትም ይቀልላቸዋል። ውሃው ነበር ጣጣው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ሻይ ሲፈላበት ምላስ ላይ ይንጠለጠላል። ጥሩውን ውሃ የሚያመጣው ባቡር ነው። ጣቢያው በርሜል ጋ ሴቶቹ ሲሰለፉ እማ ሁልጊዜ ፊተኛ ናት።

እና የእማ ልማድ ምን ነበር መሰለሽ፣ ከበራዱ የሚወጣውን የመጀመሪያ ብርጭቆ አትሸጠውም። የቀማሽ ነው። «እኔ ሳፈላው አፍንጫዬ ለምዶታል፣ ሌላ ምላስ ይፍረደው» ትላለች። ያ ሌላ ምላስ የኔ ነበር። የስኳር ጆንያው ላይ ወጥቼ እቀመጥና ብርጭቆዋን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ሐዲድ ጠጋኞቹ፣ እነዚያ እጃቸው እንደ ብረት የሆነ ትልልቅ ሰዎች፣ ቆመው ይጠብቁኛል። «እህሳ ዳኛዋ፣ ምን ተፈረደ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አቆያቸዋለሁ። ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፣ አንገቴን ወዲያ ወዲህ አደርጋለሁ፣ ከዚያ «ደርሷል» እላለሁ። እኔ ደርሷል ሳልል ለማንም አይቀዳም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ኖሬያለሁ፣ ድግስም አይቻለሁ፣ ወልጄም ድሬያለሁ፤ ወላሂ እንደዚያ ጆንያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ከዚያ ሞሚና መጣች።

አንድ ጠዋት ረጅም የአፋር ሴት ልጇን አስከትላ ዳሳችን ፊት ቆመች። ልጅቷ በኔ ዕድሜ ናት። ፀጉሯ ቅቤ ጠጥቶ በቀጫጭኑ ተጎንጉኗል፣ ጀርባዋ ላይ ከቅጠል ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ የወተት ዕቃ በጠፍር አዝላለች። እናትየዋ አማርኛ የላትም፣ እማም አፋርኛ የላትም። ሴትየዋ ክዳኑን ከፈተችና ዕቃውን ወደ እማ አፍንጫ አስጠጋችው። ንግግሩ ሁሉ እሱ ነበር። ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ እነሱ ዕቃውን በእንጨት ጭስ ነው የሚያጥኑት፣ በሙቀት ሳይበላሽ የሚያቆየውም እሱ ነው። እማ ሻይ ቀድታ ወተቱን ጠብ አደረገችበት፣ ፉት አለች፣ ዱካ ስባ ተቀመጠች። «ያ አላህ!» ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ሰዉ በእማ ስም «የፋጤ የጭስ ሻይ» ማለት ጀመረ። ባቡሩ በደንብ ሳይቆም ከመስኮት «የጭሱን! የጭሱን ሁለት!» እያሉ ይጮሃሉ። ሞሚና በየጠዋቱ ትመጣለች። እሷ ጋ ሁለት ዕቃ ነበር፤ ወተቱ ከታጠነው ዕቃ ካልወጣ አይበላሽምና ሙሉውን እኛ ጋ ትታ የትናንትናውን ባዶ ይዛ ትሄዳለች። ይቺን ያዥልኝ።

መጀመሪያ ላይ አልጠላኋትም። እንዲያውም አማርኛዋ ያስቀኝ ነበር። ነገሩ የመጣው አንድ ጠዋት እኔ እንደ ልማዴ ቀምሼ «ደርሷል» ስል ነው። ሞሚና አጠገቤ ቆማ ነበር። ብርጭቆዬን ከእጄ ወሰደችና በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ውሃ የባቡር አይደለም» አለች።

እማ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር። ለካ ያን ቀን የባቡሩ ውሃ አልቆባት ግማሹን ከጉድጓዱ ቀላቅላለች፤ ለማንም አልተናገረችም። «ዘይነብ፣» አለችኝ፣ «አንቺ እስከ ዛሬ ስትቀምሺልኝ የኖርሽው ስኳሩን ነው?» ሐዲድ ጠጋኞቹ በሳቅ ወደቁ። «በሉ ዳኛዋ ተሻረች!» አለ አንዱ ጥርሰ ወላቃ። እኔም አብሬ ልስቅ ፈልጌ ነበር፣ ከንፈሬ አልታዘዘኝም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ብርጭቆ የሞሚና ሆነ።

ቅናት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የተማርኩት። ሆድ ውስጥ ከሰል የተቀመጠ ያህል ነው፣ ቀን ሙሉ አይጠፋም። እሷ ጆንያዬ ላይ አልወጣችም፤ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ነው የምትቀምሰው። ያም አናደደኝ፤ ቦታዬን ብትወስድማ ገፍትሬ አወርዳት ነበር። ደርሷል አትልም። ጉድለቱን ነው የምትናገረው። «ቅርንፉድ በዛ።» «ፍየሏ ዛሬ ሌላ ቅጠል በላች።» እማ ደግሞ እያንዳንዷን ቃል ጎንበስ ብላ ነው የምትሰማት፣ ሼኹ እያስተማሯት ያለ ይመስል። አፋርኛ እየጠየቀቻት ትማራለች፣ ሁለቱ ይንሾካሾኩና ይስቃሉ፣ እኔ ብርጭቆ አለቀልቃለሁ። ከቀትር በኋላ ሰዉ ሲቀንስ ሞሚናን ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን ትፈታላታለች፣ እንደገና ትጎነጉንላታለች። የኔን ጧት ጧት ቸኩላ ነው የምትሠራው፤ ጭንቅላቴን እየጎተተች።

አንድ ቀን ሞሚና እማን «ኢና» አለቻት። «ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። እማ እየሳቀች «እናት ማለት ነው» አለችኝ። ምን ያስቃል? ሌላ እናት የላትም? እናቷ እኮ ናት ዳሳችን ድረስ ያመጣቻት!

በዚያው ሰሞን የእማ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ከጣቢያው ማዶ ተከታታይ የድንጋይ ክፍሎች ያሏቸው አንድ ሐጂ ነበሩ። የማዕዘኗ ክፍል፣ በር ያላት፣ መስኮቷ ወደ ባቡሩ የሚያይ፣ ተለቀቀች። ለሻይ ቤት ነው የምሰጣት አሉ። የፈለጓት ሁለት ናቸው፦ እማና የጣቢያዋ አሰለፈች። አሰለፈች ከእኛ በፊት ጀምራ ሻይ ትሸጣለች፣ ብርጭቆዋም ብዙ ነው። ሐጂው «ዓርብ ከጁምዓ ስወጣ የሁለታችሁንም እጠጣለሁ፣ የጣፈጠኝ ይገባባታል» አሉ። ጆንያችን እኮ ዝናብ በጣለ ቁጥር እላያችን ላይ ነው የሚራገፈው፤ ነፋስ ሲነሳ በራዱ ውስጥ አሸዋ ይገባል። እማ ያን ሳምንት ሁለቴ ሄዳ የክፍሏን በር በእጇ ስትዳብሰው አይቻታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ለሞሚና «ዓርብ አንቺ ካልቀመስሽልኝ ለሐጂው አልቀዳም፣ በጊዜ ነይልኝ ልጄ» አለቻት።

ልጄ አለቻት። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት እማ ውሃ ልትሰለፍ ሄደች። የጠዋቱ ወተት አልቆ ዕቃው ባዶውን ተሰቅሏል። አወረድኩት። በራዱ ውስጥ የፈላ ውሃ ነበር፣ ገለበጥኩበት። አመድ ጨመርኩ፣ አሸዋ ጨመርኩ፣ የልብስ ሳሙና ጨመርኩ፤ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ፈተግኩት። ውስጡ ጥቁር ነገር አለው፣ እንደ ቅባት ያለ፤ በጥፍሬ ሁሉ ፋቅኩት። ውሃው ጠቁሮ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። ሲደርቅ ባሸተው ሳሙና ሳሙና አለ።

ለራሴ የነገርኩት ዕቃ እያጸዳሁ ነው፣ እማ አይታ ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ነበር። እኛ ቤት ዕቃ በውሃ ይታጠባል፣ ያልታጠበ ዕቃ ነውር ነው፤ ይሄም እውነት ነው። ግን ሐያት፣ እጄ ሲፈትግ ሆዴ የሚለውን እኔ ሰምቼዋለሁ። ጭሱን ነበር የፈለግኩት። ጭሱ ከጠፋ ሞሚና ምን ትቀምሳለች? የዚያን ዕቃ ነገር አላውቅም ነበር፣ በአላህ አላውቅም። ያ ጥቁር ነገር ቆሻሻ አይደለም። የስንት ዓመት ጭስና የወተት ቅባት ነው፤ ቅጠሉን የለሰነው፣ ወተቱን የያዘው እሱ ነው። እነሱ ውሃ ጭራሽ አያስነኩትም።

ሐሙስ ጠዋት ሞሚና ሙሉውን አምጥታ ባዶውን ልትወስድ ስትል እንዳታሸተው ፈራሁ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ቆየኋትና «ዙሪ» አልኳት። ራሴ ጀርባዋ ላይ አዘልኩላት፣ ጠፍሩን ደረቷ ላይ ቋጠርኩላት። እስከዚያ ቀን ድረስ እጄ ነክቷት አያውቅም። ዞር ብላ ሳቀችልኝ። ጥርሷ ነጭ ነው። «ዛሬ ዘይነብ ጥሩ ናት» አለችና እየዘለለች ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ሞሚና አልመጣችም። እማ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ አለች። ፀሐዩ ከፍ ሲል እናትና ልጅ ከሐዲዱ ማዶ ብቅ አሉ። እናትየዋ ዕቃውን በእጇ አንጠልጥላዋለች። መጣችና እማ እግር ሥር ወረወረችው። ከዚያ ውሃ ከበርሜላችን በጣሳ ቀድታ ውስጡ ጨመረችበት። ውሃው በየቅጠሉ መሐል እየፈለቀ ወጣ፣ ወንፊት ሆኗል። ማታ ስታልብበት ወተቷ ሁሉ መሬት ጠጥቶታል ማለት ነው። የሞሚና ቅልጥም ላይ የአለንጋ ሰንበር ነበር።

እናትየዋ ብዙ ተናገረች። የእማ ያቺ የተማረቻት አፋርኛ የት ታደርሳታለች? ሞሚና ነች ያስተረጎመችው፣ እያለቀሰች። «ማን ውሃ ጨመረ ትላለች።» እማ «ውሃ?» አለች። ምንም አልገባትም። ያኔ ሞሚና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አንቺ አሰርሽልኝ» አለች። የሠራሁላት አንዲት ደግ ነገር ነች ያጋለጠችኝ።

እማም አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረችና ደረቷን መታ መታ አደረገች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት። በአገራችን ዕቃ በውሃ ነው የሚታጠበው፣ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነው። ንገሪያት ሞሚና። ልጅቷ ምንም አታውቅም በያት።»

ሞሚና ነገረቻት። ሴትየዋ እማን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዕቃዋን አንስታ፣ ተሰቅሎ የነበረውንም ሌላኛውን አውርዳ፣ ልጇን በክንዷ ይዛ ሄደች። ሞሚና ሐዲዱን እስኪሻገሩ ሦስቴ ዞራ አየች። እማን ነው ያየችው።

ሐጂው ከጁምዓ ሲወጡ መጡ። እማ ቀዳችላቸው፣ ወተት የሌለው። ጠጡና «ሻዩስ ሻይ ነው ፋጤ፤ ያ ሰው የሚያወራለት ወተት የታለ?» አሏት። «ዛሬ የለም ሐጂ» አለች። ክፍሏ የአሰለፈች ሆነች። ያን ክረምት የዳሱ ጆንያ ሁለቴ ተነቀለ።

የሚገርምሽን ልንገርሽ? ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍሏ ስትሄድ ቆሜ እያየሁ፣ የእማን ፊት እያየሁ፣ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሷን ትታ እኔን መርጣለች ብዬ። ትገርፈኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልገረፈችኝም። በማግስቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሰጠችኝ። ጆንያዬ ላይ ወጣሁ። «ደርሷል» አልኩ። «ለአንቺ መቼ ሳይደርስ ቀርቶ ያውቃል» አለችና ለሰዉ መቅዳት ጀመረች። በየቀኑ ሰጠችኝ። በየቀኑ ደርሷል አልኩ። ለመስማት ግን ጎንበስ ብላልኝ አታውቅም።

አድጌ ባል አገባሁ። አያትሽ መካኒክ ነበር፣ ሎጊያ ጋራዥ ያዘ፣ እዚያ ወለድኩ። እማ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ከአዋሽ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ሁልጊዜ ትዘገያለች። ጧት የተነሳ መኪና ይገባል፣ እሷ የለችም፤ በማግስቱ በሌላ መኪና ትመጣለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «መኪናው መንገድ ላይ፣ ገዋኔ ሲደርስ ተበላሸ» ነው መልሷ። አያትሽ ይስቅ ነበር፤ «እናትሽ የምትሳፈረው መኪና ሁሉ ገዋኔ ላይ የሚታመመው ለምንድነው? ልኬ ላሠራላቸው» ይላል። ሻርፗ ጭስ ጭስ ይል ነበር። የመንገድ ነው አልኩ።

እማ ስትሞት አዋሽ ሄጄ ቀበርኳት። ሦስቱን ቀን ተቀምጬ፣ ሻርፗን ለብሼ፣ በአውቶብስ ስመለስ ሾፌሩ ገዋኔ ላይ አቆመና «ውረዱ፣ ሻይ እዚህ ነው» አለ። ከባድ መኪናዎች ተደርድረዋል፣ ሾፌሮቹ ብርጭቆ ይዘው ጎማቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ተቀበልኩ። ፉት አልኩ።

ምላስ የለሽም የተባልኩት ሴት ያን የእማን የጭስ ሻይ አወቅኩት።

ብርጭቆ የምትሰበስበው ሴት ፊቴን አላየችም፣ ሻርፑን ነው ያየችው። ጫፉን ያዘችውና «ይሄ የኢና ነው» አለች። ሞሚና ናት። «ኢና የታለች? ዘንድሮ ቀረች።» ነገርኳት። እዚያው ብርጭቆዎቹን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ይጣራል፣ አትሰማም። ያለቀሰችው ለቅሶ፣ እኔ ሦስቱን ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም። ቆሜ እያየኋት ምን አሰብኩ መሰለሽ? የኔ እናት እኮ ናት፣ ምን ቤት ነሽ! ይሄን አሰብኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

እንባዋን ጠርጋ ነገረችኝ። እማ በመጣች ቁጥር እዚያ ወርዳ ታድራለች። ሞሚና ገዋኔ ስታገባ ፈልጋ አግኝታ ሻይ ቤቱን ያስከፈተቻት እማ ናት። ለአንድ በራድ ስድስት ቅርንፉድ፣ ከዚያ ካለፈ ጭሱን ያፍነዋል፤ ቀረፋው የጣት ግማሽ፤ ሄሉ ተፈንክቶ እንጂ ተወቅጦ አይገባም። ሁሉንም እጇን ይዛ አሳይታታለች። «አንቺንም አሳይታሻለች አይደል?» አለችኝ። «እንዴታ» አልኩ። ውሸቴን ነው። እኔ የማውቀው በእፍኝ መጨመር ነው።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያንን ዕቃ፣» አለችኝ፣ «በመጣች ቁጥር እጠይቃት ነበር። ዘይነብ ናት እንዴ? እላታለሁ። እሷ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ያዘዝኳት ትለኛለች። እውነት ነው?»

አውቶብሱ ጡሩምባውን ነፋ። «አዎ» አልኩና ተሳፈርኩ።

አሁን ሰመራ ላይ አንቺ ከቤታችን አጥር አያይዘሽ ሻይ ቤትሽን ከፈትሽ፣ አልሐምዱሊላህ። ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ ባይመጣ በቦቴ ይመጣል። ማንም አይሰለፍም። የፕላስቲክ ወንበር አለሽ፣ ብርጭቆሽ ሃምሳ ይሆናል፣ ወተቱ የቆርቆሮ ዱቄት ነበር። ሙያውን አሳዪኝ አልሽኝ፣ እኔም በእፍኜ አሳየሁሽ። ያ ባለ ባጃጁ «እማማ ዘይነብ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ የሻይ ወሬ?» ሲለኝ የት ልግባ። ስንት ቀን ሳመነታ ከርሜ ነው «ገዋኔ ሂጂ፣ ሞሚና የምትባል አለች» ያልኩሽ። ሄደሽ ሦስት ቀን ከረምሽ። ስትመለሺ ቀሚስሽ ጭስ ጭስ ይላል። አሁን ሻይሽ ደርሷል፣ ባለ ባጃጆቹ በሩን ዘግተውታል። አፍሽ ላይ ግን ሌላ የለም፤ እማማ ሞሚና እንዲህ አሉኝ፣ እማማ ሞሚና ሄሉን በዚህ ጣታቸው ሲፈነክቱት፣ እማማ ሞሚና ፀጉሬን ጎነጎኑልኝ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጥርሴ ረግፎ፣ ስኳሩንም ሐኪም ከልክሎኝ፣ ያ ከሰል አሁንም ሆዴ ውስጥ አልበረደም።

ያኔ እናቴን ወሰደችብኝ ብዬ ነበር። እማ ግን ለእሷ እንኳ፣ ያን ያህል እየወደደቻት፣ ስሜን ሳትሰጥ ነው የሞተችው። እስከ መጨረሻዋ ጥፋቴን ራሷ ይዛው ሄደች። ይሄን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ለወተት ገዋኔ ስትሄጂ ይሄን ወረቀት ይዘሽው ሂጂ። እሷም እንደኔ ፊደል አልቆጠረችም፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢላት። ሰው ሲበዛ አይሁን። ከላይ እስከ ታች፣ ሳሙናውንም፣ አሸዋውንም፣ ጠፍሩን ሳስርላት መሳቋንም፣ ለእማ ስታለቅስ የቀናሁትንም አትዝለይ። እማ አላዘዘችኝም፣ እኔ ነኝ በያት። እኔ አፌ አልፈታ ብሎኝ እንጂ ራሴ እመጣ ነበር። የምትለው ነገር ካለ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ይዘሽልኝ ነይ። ዝም ካለችም፣ ዝም አለች ብለሽ ንገሪኝ።